የእታፈራሁ ቅዳሜዎች

አስከሬኑ የተገኘው ላስ ቬጋስ፣ ሰንራይዝ ማነር የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የኪራይ ቤቶች ግቢ ጀርባ፣ ከብረቱ ደረጃ ግርጌ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ፀሐይዋ ገና ከመውጣቷ አስፋልቱ መጋል ጀምሯል። መርማሪ ኢክራም ቢጫውን የፖሊስ ሪባን ጎንበስ ብላ አለፈች። የሟቿን ፊት ስታይ ሐበሻ መሆኗን ለማወቅ መታወቂያ መፈለግ አላስፈለጋትም።

ስሟ እታፈራሁ ነው፤ ከሆቴል ባጇ ላይ አነበበችው። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ የክፍል ጽዳት ዩኒፎርም የለበሰች፣ አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ ያሰረች ሴት ናት። ጭንቅላቷ ከኋላ ተፈንክቷል። ቦርሳዋ አልተነካም፤ ስልኳም ኪሷ ውስጥ ነበር።

አብሯት የሚሠራው ሞራሌስ እዚያው ከተማ ተወልዶ ያደገ፣ ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው። ጣቱን ወደ ሟቿ አንገት ቀሰረ። የሰማያዊ ሻርፕዋ ጫፍ በመቀስ ቀጥ ተደርጎ ተቆርጧል። ከጆሮዋ በላይም አንድ ዘለላ ፀጉር ተሸልቷል። ሞራሌስ ወዲያው ደመደመ፤ ከሚገድላቸው ሴቶች ማስታወሻ የሚወስድ በሽተኛ ሰው ነው አለ።

ኢክራም ደሴ ተወልዳ ነው በአሥራ ሦስት ዓመቷ ወደዚህ የመጣችው። ደሴ ሳለች አንድ የጎረቤት ሕፃን እንዲህ ባለ ቁራጭ ጨርቅ ሲታጠን በመስኮት አይታ ነበር። ሕፃኑ አልተረፈም። ያኔ የተናደደችው ንዴት ሳይበርድ አብሯት ያደገ ይመስል፣ አሁን ደረቷ ውስጥ ቦግ ሲል ተሰማት።

"በሽተኛ ሰው አይደለም" አለችው። "እኛ አገር ልጅ ሲታመምባቸው ቡዳ በልቶት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ዓይኑ ሰው ይበላል የሚሉት ሰው ማለት ነው። መድኃኒቱ ከዚያ ሰው ልብስ ወይም ፀጉር ቆርጦ፣ ፍም ላይ አድርጎ ልጁን በጭሱ ማጠን ነው ይላሉ።"

ሞራሌስ ቁራጩን ደጋግሞ አየና በዚህ ዘመን፣ በዚህ ከተማ እንዲህ ዓይነት ነገር አለ ወይ ሲል ጠየቃት።

"ሰው ሻንጣውን ይዞ ሲመጣ ጭንቅላቱን ኤርፖርት አይተወውም" አለች። "አሁን የምንፈልገው ገዳይ ብቻ አይደለም። እዚህ ከተማ ውስጥ የሆነ ቤት የታመመ ልጅ አለ። ሐኪም ሊያየው ሲገባ በር ተዘግቶበት ጭስ እየማገ ነው። ካልቀደምነው ይሞታል።"

ከሰዓት በኋላ የአስከሬን መርማሪው ውጤቱን ነገራቸው። እታፈራሁ ከደረጃው ከወደቀች በኋላ ወዲያው አልሞተችም። ለጥቂት ጊዜ ትተነፍስ ነበር፤ አንድ ሰው አምቡላንስ ጠርቶላት ቢሆን ምናልባት ትተርፍ ነበር። ሻርፑ የተቆረጠው ደግሞ ከወደቀች በኋላ ነው። ኢክራም ይህን ስትሰማ የያዘችውን የወረቀት ኩባያ ጨምድዳ ጣለችው። ልጅ ለታመመበት እናት ወይም አባት ልታዝን ተዘጋጅታ ነበር። ያ ሐዘኔታ በዚያች ደቂቃ አለቀ።

አስከሬኑን ያገኘው ሚቅዳድ የሚባል የኤርፖርት ሚኒባስ ሹፌር ነው። በየጠዋቱ እታፈራሁን ከዚያ ግቢ፣ ከቤቷ ወደ ሥራ የሚያደርሳት እሱ ነበር። ሊያገባት ሁለት ዓመት ሙሉ እንደለመናት፣ እሷም እንቢ እንዳለችው የሚያውቃቸው ሁሉ ያወራል። ሞራሌስ ይህን ሲሰማ ጉዳዩ እንዳለቀ ያህል ቆጠረው፤ ሰውየውን ምርመራ ክፍል አስገብቶ ከሰዓቱን ሙሉ አፋጠጠው። ሚቅዳድ ዓይኑ እስኪያብጥ አልቅሶ ስለነበር መልስ የሚሰጠው እየተንተባተበ ነው።

ኢክራም ገብታ በአማርኛ ስታናግረው ትንሽ ረጋ አለ። ልጅ የለውም፤ የታመመ ዘመድም የለውም። የሚኒባሱ ጂፒኤስ ሲታይ ደግሞ እታፈራሁ በወደቀችበት ሰዓት ኤርፖርት ተሳፋሪ እየጫነ ነበር።

"ለምን ነበር እንቢ የምትልህ?" አለችው።

"ሙስሊም ስለሆንኩ መስሎኝ ነበር፣ እህቴ። አንድ ቀን አፍ አውጥቼ ጠየቅኳት። ‘ችግሩ ያንተ ሃይማኖት አይደለም፤ የኔ ነው’ አለችኝ። ምን ማለት ነው ብላት ዝም አለች። ቅዳሜ ደግሞ ጨርሶ አትገኝም ነበር። ስልክ አታነሳም፣ መኪና አትገባም። ቅዳሜ እኮ ኦቨርታይሙ፣ ቲፑ የሚገኝበት ቀን ነው። እንግሊዝኛ አጠናለሁ ትላለች። ለሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ብቻ የሚጠና እንግሊዝኛ ምን ዓይነት ነው?"

ነገሩ ኢክራምን ከነከናት፤ ወዴት እንደሚወስዳት ግን አላወቀችም። ሚቅዳድን አሰናበተችው። ሞራሌስ አልተደሰተም።

ማክሰኞ ማታንና ረቡዕን ስልክ ስትደውል አሳለፈች። መስጊድ ጠየቀች፣ ቤተ ክርስቲያን ጠየቀች፣ ቻይናታውን ያሉትን የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባለቤቶች ጠየቀች። የታመመ ልጅ ያለበት ቤት ታውቃላችሁ ወይ ስትል ሁሉም መልሱ አንድ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ደህና ነው ይላሉ። ሰዉ ሌላ ጊዜ የማንን ባል ማን እንደወሰደ ሳይጠየቅ ያወራል፤ የልጅ ሕይወት ያለበትን ነገር ስትጠይቀው ግን አፉ ይታሸጋል። ኢክራም ስልኩን በዘጋች ቁጥር ትሳደብ ነበር።

በመጨረሻ አንዲት ሴት ፈራ ተባ እያለች የዘይነባ ልጅ ታማለች አለቻት። ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት፤ ከእታፈራሁ ጋር አንድ ሆቴል፣ አንድ ፎቅ ላይ ነበር የምትሠራው። ይባስ ብሎ ባለፈው ወር በቅዳሜ ሺፍት ምክንያት ሠራተኛ ሁሉ እየሰማ ተጣልተው ነበር። ኢክራም ከሞራሌስ ጋር እየከነፈች ሄደች። ቤቱ ዝግ ነው። ጎረቤት ጠቁሟቸው ሆስፒታል ሲደርሱ ዘይነባን ከልጇ አልጋ አጠገብ አገኟት። ልጅቷ ትርፍ አንጀቷ ሰኞ ማታ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላት አይስክሬም እየበላች ነበር። ዘይነባ ከሰኞ ጀምራ ከዚያ ክፍል እንዳልወጣች ነርሶቹ ሁሉ መሰከሩ።

"ስለ እታፈራሁ ነው የመጣሽው?" አለች ዘይነባ። ቀና ብላ አየቻት። "እኔን ጠረጠርሽኝ። ስለተጣላን ነው ወይስ የገጠር ሴት ስለሆንኩ?"

ኢክራም ይቅርታ ጠየቀች። ዘይነባ ይቅርታውን አልተቀበለችም፤ ቢሆንም ለሟቿ ስትል ተናገረች። የቅዳሜው ጠብ ከሁለት ቀን በላይ አልቆየም፤ ልጇን ሲያማት ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰጃት ብላ በስልክ የወተወተቻት እራሷ እታፈራሁ ናት። አገር ቤት ነርስ ነበረች። ዘመዶቼ የምትላቸው ደግሞ ምሥራቅ ላስ ቬጋስ የሚኖሩ ያገሯ ልጆች አሉ፤ ጋሽ ገብረጻድቅና ሴት ልጃቸው ስጦታ ይባላሉ።

ገብረጻድቅ ስድሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ ቁመታቸው ዛሬም ያልጎበጠ ሽማግሌ ናቸው። በአንድ ካዚኖ ፓርኪንግ ውስጥ የሌሊት ጥበቃ ይሠራሉ። ኢክራም ሐሙስ ረፋድ ላይ ስትመጣ ጥቁር ለብሰው ተቀበሏት። ስጦታ ውሃ አቀረበችና ወደ ወጥ ቤቱ ተመለሰች። ባሏ የረጅም ርቀት ጭነት መኪና ነጂ ስለሆነ ከከተማ ውጭ ነበር።

ሽማግሌው ሳትጠይቃቸው ስለ እታፈራሁ ማውራት ጀመሩ። ሁሉም ከሳር አምባ ነው የመጡት። ጦርነቱ ሲነሳ ከተማዋ ተያዘች፤ የሆስፒታሉ ሐኪሞች በአንድ ሌሊት ወጡ። እታፈራሁ ግን ምጥ ላይ ያሉ ሴቶች ጥዬ የት እሄዳለሁ ብላ ቀረች። ከተማዋን የያዙት ሰዎች ሆስፒታሉን ለራሳቸው ቁስለኛ አደረጉት። እሷ ቀን የእነሱን ቁስል ትሰፋለች፤ ሲመሽ በጓሮ በር የሚገቡትን የከተማውን ሰዎች ታክማለች። ገብረጻድቅ የግቢው ዘበኛ ስለነበሩ ያን በር የሚከፍቱት እሳቸው ነበሩ። የስጦታን ልጅ ናኦድን እታፈራሁ በኩራዝ ብርሃን አዋለደችው። እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ሰማያዊ ሆኖ ነበር የወጣው፤ በአፏ እፍ እያለች ነው ነፍስ የዘራችበት።

"ቁስለኞቻቸው አልጋ ላይ እየሞቱ አስቸገሯቸው" አሉ። "መድኃኒት የለ፣ እንዴት አይሞቱ። አንድ ቀን አዛዡ ሠራተኛውን አሰለፈና ሽጉጡን እዚህ ግንባሬ ላይ ደገነ። ‘ከእነዚህ መካከል ራሱን የደበቀ ሰው አለ። አንተ የሁሉንም ዘር ታውቃለህ፤ አሳየኝ’ አለኝ። የለም አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ። የለም አልኩ።"

ኢክራም የተደበቀ ወታደር ወይም ሰላይ ሲፈልጉ ይሆናል ብላ አለፈችው። ታሪኩ ልቧን ነክቶት ነበር። ቤቱ ውስጥ ግን በጣም ይሞቃል። ውጭው እንደ ምድጃ እየነደደ መስኮቱ ሁሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ምነው ብትል ስጦታ ከወጥ ቤት ሆና ኤሲው ተበላሽቶ ነው አለቻት።

"የታመመ ልጅ ያለበት ቤት ታውቃላችሁ?"

ሽማግሌው ወደ ወጥ ቤቱ ዞር አሉ። "የለም" አለች ስጦታ።

"ናኦድስ ደህና ነው?"

"ደህና ነው። ትምህርት ቤት ሄዷል።"

ገብረጻድቅ ማክሰኞ ጠዋት የት እንደነበሩ ሞራሌስ አጣራ። ሺፍታቸው እስኪያልቅ ፓርኪንጉ በር ላይ ቆመው ካሜራው ይዟቸዋል።

ሐሙስ ከሰዓት የእታፈራሁ ስልክ በባለሙያ ተከፈተ። ስም ወዳልተጻፈበት አንድ ቁጥር በየሳምንቱ አርብ ትደውል ነበር። ቁጥሩ የእስራኤል ነው። ኢክራም አርብ ጠዋት ከቢሮዋ ደወለች፤ ሐሴት የምትባል ሴት አነሳች። የእታፈራሁ ታላቅ እህት ናት። መርዶውን ስትሰማ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ ኢክራምም ስልኩን ይዛ ጠበቀቻት።

"የቅዳሜ ሰንበታችን፣ ሻባት፣ ሊገባ ሲል ነበር የምትደውልልኝ" አለች ሐሴት ለቅሶዋ ሲበርድ። "ዛሬም እሷ መስላኝ ነው ያነሳሁት። እኛ ቤተ እስራኤል ነን። እኔ ከባሌ ጋር ወጣሁ፤ እሷ ትምህርቴን ልጨርስ ብላ ቀረች። ከዚያ ሳር አምባ ሥራ አገኘች። እዚያ የሚያውቃት ስለሌለ ዝም አለች። ፈላሻ ናት፣ ቡዳ ናት ከተባለ ማን መርፌ ያስወጋታል?"

ኢክራም ከመቀመጫዋ ተነሳች። "ጦርነቱ ሲመጣስ?"

"ያኔማ ዝምታው የነፍስ ሆነ። ከሆስፒታሉ ፈላሻ ነርስ አለች፣ ቁስለኞቻችሁን በዓይኗ እየበላች የምትጨርሳቸው እሷ ናት ብሎ አንድ ሰው ለአዛዡ ነገረው። አሰልፎ የፈለገው እሷን ነበር። እሷ የእነሱን ደም ከእጇ ታጥባ ሳትጨርስ። ማተብ አንገቷ ላይ አስራ ነው የተረፈችው። ማተቡን ከራሱ አንገት ፈትቶ ያሰረላት ጋሽ ገብረጻድቅ ነው። ቅዳሜ መብራት እንደማትለኩስ አይቶ ቀድሞ አውቆባት ነበር።"

"ከእሱ ሌላ ያወቀ አለ?"

"ማንም። ለአዛዡ ያወራውም ሰው የትኛዋ እንደሆነች አላወቀም። አሜሪካ ከገባሽ በኋላ እንኳ ለምን ትደብቂያለሽ እላት ነበር። ሐበሻው ይሸሸኛል፣ ብቻዬን እቀራለሁ ትለኛለች።"

ኢክራም ስልኩን ዘጋች። ይህን የሚያውቅ በመላው ከተማ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ትናንት ከፊቷ ተቀምጦ ታሪኩን ሲነግራት ዋናውን ነገር ቆርጦ አስቀርቷል። ቃሉን ጠብቆ ሊሆን ይችላል ብላ ራሷን ለማብረድ ሞከረች። ከዚያ መስኮቶቹ ትዝ አሏት። ኤሲው አልተበላሸም ነበር፤ ወለሉ ላይ ያለው የኤሲው ቀዳዳ ቀዝቃዛ አየር እግሯ ላይ እየነፋ ነበር። በላስ ቬጋስ ሙቀት ኤሲ እየሠራ መስኮት የሚከፍት ሰው አንድ የሚያስወጣው ነገር አለው። ወደ ናኦድ መዋዕለ ሕፃናት ደወለች። ልጁ ከሳምንት በላይ አልመጣም አሏት። እሷ ሐሙስ ዕለት ውሃ ስትጠጣ ልጁ ከግድግዳው ማዶ ተኝቶ ነበር።

ከሞራሌስ ጋር ወደ ሽማግሌው ቤት ገሠገሠች። በሩን ስጦታ ሰንሰለቱ እስከፈቀደላት ብቻ ከፈተችው። በስንጥቁ የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ወጣ። ኢክራም በትከሻዋ ገፍታ ገባች፤ ሞራሌስ ተከተላት። የውስጠኛው ክፍል በጭስ ታፍኗል። ልጁ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ከፍሙ አጠገብ ተጋድሟል። ሰውነቱ ተገትሮ ይንቀጠቀጣል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ፍሙ ላይ የሰማያዊ ሻርፕ ቁራጭ ግማሹ ነዶ ይታያል።

ኢክራም ልጁን አንስታ ወደ ሳሎን አወጣችው፤ በጎኑ አስተኝታ አፉን ጠረገችለት። ሞራሌስ አምቡላንስ ጠራ። ስጦታ እጇን ይዛ ወደ ጭሱ መልሺው እያለች ታገለቻት፤ ካልታጠነ ይሞትብኛል ትላለች። ኢክራም በሥራ ዘመኗ እስረኛ መትታ አታውቅም። በዚያች ደቂቃ ግን እጇን ለመያዝ ጥርሷን መንከስ ነበረባት።

ልጁ ተወስዶ ከሄደ በኋላ ስጦታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ተናገረች። የምትናገረው ትክክል እንደሠራ ሰው ነበር።

"በልደቱ ቀን መጣች። ሌላው ሰው ሲጨፍር እሷ ልጄን ትክ ብላ አየችው። ‘ይህ ልጅ መሐል መሐል ላይ ፈዝዞ ይቀራል፤ ሐኪም ይየው፣ የሚጥል በሽታ እንዳይሆን’ አለችኝ። በሳምንቱ ጣለው። ማን ነገራት? እንዴት አወቀች? አባዬን ጠየቅኩት። አለቀሰና ‘እሷ እኮ ከእነሱ ወገን ናት’ አለኝ።"

"ነርስ ስለሆነች ነው ያወቀችው" አለች ኢክራም።

ስጦታ እንዳልሰማች ቀጠለች። "ማክሰኞ ጠዋት ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅኩ። ነይና እንትፍ በይበት፣ ልቀቂልኝ ብዬ ለመንኳት። ‘አሁኑኑ ኢመርጀንሲ እንውሰደው፣ እኔም ከሥራ እቀራለሁ’ ብላ እጄን ያዘችኝ። ሻርፗን ሳብኩት። ወደቀች።"

"ከዚያስ?"

"ትተነፍስ ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ቆረጥኩ" አለች ስጦታ።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ገብረጻድቅ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ቆመው ነበር። ሐኪሙ ልጁ ከአደጋ እንደወጣ ነገራቸው። የሚጥል በሽታ ነው፤ በየቀኑ ክኒን ከወሰደ እንደ ማንኛውም ልጅ ተምሮ ያድጋል። ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ ይህ ሁሉ መንፈራገጥ ባልደረሰበት ነበር።

ሽማግሌው ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ። ኢክራም እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው። ከዚያ ሻርፑን ቤት ውስጥ አይተውት እንደነበር ጠየቀቻቸው።

"የሆነ ጨርቅ አይቻለሁ። አልጠየቅኳትም" አሉ። "ልጄን እንዴት ብዬ ልጠይቃት።"

"ሐሙስ ዕለት ደግሞ ተቀምጠው ስለ እታፈራሁ ጀግንነት አወሩልኝ።"

"እውነቴን ነው እኮ ልጄ። እኔ እኮ ሽጉጥ ተደግኖብኝ አላጋለጥኳትም። ያን ጊዜ አንዲት ቃል ብተነፍስ ኖሮ ግቢው ውስጥ ይረሽኗት ነበር። ክረምቱን ሙሉ ጠብቄያታለሁ።"

"አውቃለሁ፣ ጠብቀዋታል" አለች ኢክራም። ድምጿ ከፍ ብሎ ነርሶቹ ዞር አሉ፤ ግድ አልሰጣትም። "ያኔ ሽጉጥ ነበረ። አሁን ማን አስገደድዎት? ማን ደገነብዎት? ልጅዎ በገዛ ሳሎንዎ ሲጠይቅዎት ‘ነርስ ናት፣ ስለምታውቅ ነው፣ የነገረችሽን አድርጊ’ ማለት ነበር። ያን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ። እርስዎ ግን እዛ አዛዡ ሲለው የነበረውን ነገር እዚህ መጥተው ራስዎ አሉት።"

ገብረጻድቅ ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ኢክራም አላነሳቻቸውም። እንዲያዝንላቸው የሚፈልጉ ከሆነ ሌላ ሰው ይፈልጉ ብላ ጥላቸው ወጣች።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ ለሐሴት ደወለች። የያዘችውን ጉዳይ ውጤት ለሟች ቤተሰብ ራሷ ሳትነግር ቀርታ አታውቅም። ሐሴት ገና ደወሉ እንደጮኸ አነሳች፤ ሻባት ገብቶ ስልክ የማታነሳበት ሰዓት ላይ ነበር፣ ዛሬ ግን አጠገቧ አስቀምጣው ኖሯል።

"ማን ነው የገደላት?" አለች።

ኢክራም ነገረቻት። የስጦታን ስም፣ የአባቷን ስም፣ የሻርፑን ነገር፣ ሁሉንም።

"ተሳስታችኋል" አለች ሐሴት። አልጮኸችም፤ ላልገባው ሰው እንደምታስረዳ ነበር የምትናገረው። "እነሱ አይደሉም። ጋሽ ገብረጻድቅ እኮ ነው ያተረፋት፤ ጠዋት የነገርኩሽ ሰው። ልጁን ናኦድንማ የኔ ልጅ ትለው ነበር። ደህና አድርጋችሁ ፈልጉ፣ እህቴ። ይልቅ የእሱን ስልክ ቁጥር ስጪኝ፤ ቀብሯን እሱ ያስፈጽምልን። እዚያ አገር ከእሱ ሌላ ዘመድ የለንም።"

ኢክራም ግንባሯን መሪው ላይ ደገፍ አደረገች። ከዚያ ቀና አለችና ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ቀስ እያለች፣ እንደገና ነገረቻት።